በሰው ምስል ሥዕል ትምህርት ገንቢ አስተያየት ምንድን ነው?

ገንቢ አስተያየት ማለት የሰውን ምስል በእርሳስም ሆነ በቀለም መሥራት ለሚማር ሰው የሚሰጥ ሆኖ፣ በሥራው ላይ ከሚታየው ነገር አንዱን ለይቶ የሚጠቁም፣ ምክንያቱን የሚያሳይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪው ከፊቱ ካለው ሞዴል (አይቶ ከሚሥለው ሰው) ጋር አመሳክሮ ራሱ ሊያረጋግጠው የሚችል አስተያየት ነው። ይህ የመጨረሻው ከሌለ የቀሩት ሁለቱ ብዙም አይጠቅሙም። ተማሪው ሊያረጋግጠው የማይችለው ነገር ሲነገረው ያለው ምርጫ መቀበል ወይም ማኩረፍ ነው፤ እየዋለ እያደረም ሞዴሉን ትቶ የአስተማሪውን ፊት ማንበብ ይለምዳል።

በድሬዳዋ መጋላም ሆነ በሐረር ጁገል ጠባብ መንገዶች ላይ ወረቀት ዘርግቶ ሰው የሚሥል ወጣት ካለ፣ አላፊ አግዳሚው ከበብ ብሎ ማየቱ አይቀርም፤ ፍርዱም ብዙውን ጊዜ «ቁርጥ እሱን!» ወይም «አይመስልም» የሚል ነው። መንገደኛ እንዲህ ቢል አያስወቅሰውም። አስተማሪ ግን በዚህ ሊያበቃ አይገባውም፤ «አይመስልም» የሚለው ፍርድ ትክክል ቢሆን እንኳ ጉድለቱ ከአገጩ ስፋት ይሁን ከዓይኑ አቀማመጥ አይናገርም። «እጁ ተበላሽቷል» የሚለውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። «ክንዱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የእጁ አንጓ እስከ ጭኑ መጀመሪያ ይደርሳል፤ አንተ የሠራኸው ግን ወገቡ ጋ ቀርቷል፤ እስቲ ለካው» ሲባል ግን ተማሪው የሚሠራው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ ቀረብ ብሎ መመልከት ይሻላል። በድሬዳዋ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ጥሎ፣ የግራ ጉልበቱን አላልቶ ቆሟል እንበል። ሰው እንዲህ ሲቆም ክብደት የተሸከመው የቀኝ ዳሌ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሚዛን ለመጠበቅ በዚያው ወገን ያለው ትከሻ ዝቅ ይላል፤ አንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታም በቀኝ ቁርጭምጭሚቱ አቅጣጫ ላይ ትውላለች። ጀማሪ ተማሪ ይህን አያየውም። የሰው ትከሻና ዳሌ ግራና ቀኙ እኩል እንደሆነ ስለሚያውቅ ያየውን ትቶ የሚያውቀውን ይሥላል፤ ምስሉም ወደ ጎን ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። አስተማሪው «ሊወድቅ ነው እኮ» ቢለው የነገረው ተማሪው ራሱም የሚታየውን ምልክት ነው። መንስኤውን ለማሳየት ጫፉ ላይ ቁልፍ የታሰረበት አንድ ክር ይበቃል።

«ቲቸር፣ እግሩን ላጥፋው?»

«ቆይ፣ አትንካው። መጀመሪያ ክሩን ይዘህ አንገቱ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ጋር አስተካክለው። ቁልፉ የት ላይ ወረደ?»

«ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ጋ።»

«በወረቀትህስ ላይ?»

«በሁለቱ እግሮች መካከል።»

አስተማሪው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገውም። ተማሪው ችግሩ እግሩ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ዳሌውንና ትከሻውን ማየት እንዳለበት በራሱ መንገድ ይደርስበታል። ሽርጡ ጉልበቱን ስለሸፈነው የሚቸገር ከሆነም ጥያቄው «ጨርቁ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሳባል?» የሚል ይሆናል፤ እጥፋቱ ከፍ ካለው ዳሌ ተነሥቶ ወደ ላላው ጉልበት ሲወርድ፣ ከጨርቁ ሥር ያለው አካል አቋሙን ያሳብቃልና።

የአስተያየት ቅደም ተከተልም ከይዘቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። ዳሌው ቦታውን ሳይዝ ስለ ዓይን ሽፋሽፍት መናገር ተማሪውን መጉዳት ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ በሽፋሽፍት የደከመ ተማሪ የሣለው ራስ በሙሉ ወደ ግራ መዞር እንዳለበት ሲነገረው ላጲስ ማንሣት ያሳዝነዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚነገረው ስለ አቋም፣ ቀጥሎ ስለ ምጣኔ፣ ከዚያ ስለ ብርሃንና ጥላ፣ በመጨረሻ ስለ ዝርዝሩ ነው። የምጣኔ ልኬቶቹ የታወቁ ናቸው፦ የአዋቂ ሰው ቁመት በአማካይ የራሱን ራስ ቁመት 7 ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የቁመቱ እኩሌታ እምብርቱ ላይ ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ብሎ እግሮቹ ከሚለያዩበት አካባቢ ነው፤ ዓይኖቹም ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሐል ላይ ይገኛሉ። ጀማሪዎች ግንባርን ስለሚያሳጥሩ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅሉታል። ይሁን እንጂ እነዚህ ልኬቶች መጠርጠሪያ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ቁመት ከራሱ ራስ 4 እጥፍ ብዙ አይበልጥም፣ አዋቂዎችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። የመጨረሻው ዳኛ እዚያ የቆመው ሰው ነው።

ሙገሳም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። «ጎበዝ፣ በርታ» ደግ ቃል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ምን እንደተሳካለት ካላወቀ ነገ ሊደግመው አይችልም። «የጀርባዋን መስመር ሳታቋርጥ በአንድ ትንፋሽ ስላወረድከው ተቀምጣ ማረፏ ታወቀ» የሚል ሙገሳ ግን ተማሪው እጁ ላይ ያለውን ያሳውቀዋል።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን ተማሪ ለአስተማሪው በሚሰጠው ክብር ምክንያት «እሺ ቲቸር» ብሎ አንገቱን ይደፋል፤ ይህ እሺታ ብዙ ጊዜ የገባው ሰው መልስ አይደለም። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅም ሌላ እሺታ ከማምጣት አያልፍም። የተሻለው መንገድ «እስቲ ሞዴሉ ላይ በጣትህ አሳየኝ» ማለት ነው። በሰው ፊት መታረም ቅስም የሚሰብረው ተማሪም አለና፣ ከበድ ያለውን አስተያየት ጠጋ ብሎ በዝግታ መናገር፣ ለሁሉም የሚጠቅመውን ብቻ ለሁሉም ማካፈል ይገባል።

አስተማሪው እርሳሱን ተቀብሎ በተማሪው ወረቀት ላይ ማረሙን እኔ አልደግፈውም። ሥዕሉ ለጊዜው ያምር ይሆናል፤ ተማሪው ግን መስመሩ የሌላ ሰው መሆኑን ስለሚያውቅ ሥራው ከእጁ እንደወጣ ይሰማዋል። ማሳየት ግድ ሲሆን በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ወይም በሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ ማሳየት ይቻላል።

ወደ ቀለም ቅብ ስንሻገር መርሁ ሳይለወጥ የሚታየው ነገር ይበዛል። ብዙ ተማሪዎች የጠይም ሰው ፊት ሲሠሩ ለሁሉም ቦታ አንድ ቡኒ ያዘጋጁና ጥላው ላይ ጥቁር ይጨምሩበታል፤ ቆዳውም አመድ የነፋበት ይመስላል። «ቀለምህ ሞቷል» ማለት ተማሪውን ባለበት ይተወዋል። በጁገል ውስጥ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ በተቀባ ግንብ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ሞዴል ብትሆን፣ ተማሪው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ በጥላ ውስጥ ያለውን መንጋጋዋን ከግንባሯ ጋር እንዲያነጻጽር ቢጠየቅ፣ ከግንቡ የተመለሰው ቀለም ጥላው ውስጥ እንደገባ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ነጸብራቅ ደግሞ የሰማዩን ሰማያዊ እንደያዘ ያያል። ዓይንን ማጥበብ ዝርዝሩን ስለሚያደበዝዘው የብርሃንና የጥላው ድንበር ጎልቶ ይወጣል። ከቤት ውጭ ሲሠራም ሰዓቱን መጠቆም ራሱ ጠቃሚ አስተያየት ነው፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ላይ አናት ላይ ስትቆም የዓይን ጉድጓዱ በጥላ ይሞላል፣ የፊቱም ቅርጽ ይጠፋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ጉንጭና አፍንጫ በግልጽ ይለያሉ።

አስተያየት ሰጪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስሕተትን ከምርጫ መለየት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እየሣለ ያደገ ልጅ ዓይንን ቢያጎላ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። በዚያ ትውፊት ትልልቅ ዓይኖች፣ ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎችን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን መሣል ሥርዓት ነው። በሐረር ተወልዶ በጀርመን ኮሎኝ የተማረው፣ በኋላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታም የሰውን አካል በተፈጥሯዊ መልኩ ብቻ ለመሥራት ራሱን አላሰረም። ስለዚህ «ዓይኑ ለምን ይህን ያህል ተለቀ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መስማት ይቀድማል። ተማሪው አስቦበት ከሆነ አስተያየቱ ያሰበው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም በሚለው ላይ ይሆናል፤ ሳያስተውል የሆነ ከሆነ ደግሞ ወደ መለካት ይመለሳል።

በአንድ ጊዜ የሚነገረው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጉዳይ ቢሆን ይመረጣል። ተማሪው ያንኑ በራሱ አነጋገር ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ከቀኑ ጋር ቢጽፈው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ሰቅሎ ያ ጉዳይ ተሻሽሎ እንደሆነ ከአስተማሪው በፊት ራሱ ማየት ይችላል።