አድሚን አካውንት ምንድን ነው?

«ኮምፒውተሩን የገዛሁት እኔ፣ የምጠቀምበት እኔ ብቻ። እኔ አድሚን ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው?» ይህ ክርክር መልስ በተሰጠው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ስህተቱ ከመነሻው ነው። አድሚኒስትሬተር (በአጭሩ አድሚን) ማዕረግ አይደለም፣ የባለቤትነት ካርታም አይደለም። በዊንዶውስ ላይ የአካውንት ዓይነት የሚወስነው እናንተ የከፈታችሁት ፕሮግራም ምን ምን መንካት እንደሚችል ነው። ፕሮግራም ሲነሳ የከፈተውን ሰው መብት ይዞ ይነሳል፤ ብራውዘሩም፣ ከቴሌግራም የወረደው ክራክም (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም)፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የመጣው ፋይልም።

ብዙ ክፍል ያለው ግቢ አስቡ። ባለቤቱ የሁሉንም ክፍል ቁልፍ በአንድ ማንጠልጠያ ይዟል። ጠርቶ የሚያስገባው ቧንቧ ሠሪም ሆነ ቀለም ቀቢ የዚያኑ ማንጠልጠያ ቅጂ ይዞ ነው የሚገባው። ቧንቧ ሠሪው ሌባ ሆኖ ከተገኘ «ቤቱ እኮ የኔ ነው» ማለት ምን ይጠቅማል?

«ዩኤሲ (ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ከመለወጡ በፊት ፈቃድ የሚጠይቀው የዊንዶውስ መስኮት) አለ አይደል?» ይላል ተከራካሪው። አዎ፣ ከ2007ቱ ቪስታ ጀምሮ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። አድሚን ሆናችሁ ስትገቡ ዊንዶውስ ሁለት ማንጠልጠያ ያዘጋጃል፤ አንዱ የተራ ተጠቃሚ፣ አንዱ ሙሉ። ፕሮግራሞች በተራው ይነሳሉ። ሙሉውን የሚፈልግ ሲመጣ ዘበኛው ስክሪኑን አደብዝዞ ይጠይቃል። ለአድሚን ግን ጥያቄው «ይግባ?» ብቻ ስለሆነ መልሱ አንድ ክሊክ ነው፤ ደጋግሞ የተጠየቀ ሰው ደግሞ ሳያነብ ይጫናል። (ቢያንስ ቀለሙን እዩ፤ ቢጫ ከሆነ የፕሮግራሙ ሠሪ ማንነት አልተረጋገጠም ማለት ነው።) ስታንዳርድ በሚባለው የተራ ተጠቃሚ አካውንት ላይ ያው ዘበኛ የአድሚኑን ፓስወርድ ይጠይቃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ አድሚን አካውንት ላይ ያለውን ዩኤሲ እንደ ደኅንነት ድንበር አይቆጥረውም፤ ጥያቄው ሳይመጣ ሾልኮ ማለፊያ ዘዴዎች አሉ።

ከዚህ የባሰው ምክር «ድብቁን አድሚኒስትሬተር (ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን አካውንት) አብሩት፣ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል» የሚለው ነው። አይፈጥንም። ያ አካውንት በነባሪ ዘበኛ የለውም፤ የተከፈተው ሁሉ በሙሉ ማንጠልጠያ ይነሳል። ከቪስታ ወዲህ ጠፍቶ የሚመጣው በምክንያት ነው።

የሌላ ሰው ፎልደር ስትከፍቱ «ፈቃድ የለህም» ብሎ «ኮንቲኒው» የሚለው በተን ደግሞ ለአንዴ ብቻ የሚያሳልፍ ይመስላል። አይደለም፤ ስማችሁን የዚያ ፎልደር ፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ጽፎ ይተወዋል።

የግቢው ምሳሌ እስከዚህ ያስኬዳል። ስታንዳርድ አካውንት የራሳችሁን ክፍል አይጠብቅም። የእናንተን ዶክመንትና ፎቶ ለመቆለፍ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) አድሚን መሆን አያስፈልገውም፤ እናንተ መክፈት የምትችሉትን እሱም ይችላል። በፍላሽ የሚዞረው፣ ፎልደሩን ሾርትከት የሚያስመስለው ቫይረስም በተራ መብት ይሠራል። ልጆች ጌም እንዳይጭኑ ብላችሁ ከሆነም ተስፋ አትጣሉበት፤ ራሳቸውን በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ የሚጭኑ ፕሮግራሞች ፓስወርድ አይጠይቁም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ለሚሰካ ሰው ደግሞ የፎልደር ፈቃድ ከልካይ አይሆንም፤ እሱን የሚከለክለው ዲስኩን ማመስጠር ነው።

እንዲያም ሆኖ ለዕለት ሥራ ስታንዳርድ፣ ፈቃድ ለመስጠት ደግሞ ሌላ አድሚን አካውንት ማድረጉ ይሻላል፤ ማስተካከሉ በዊንዶውስ 11 ላይ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ ግቡና አድ አካውንት በሉ። ኢሜይል ሲጠይቅ የሰውየው መግቢያ የለኝም የሚለውን፣ ቀጥሎ ደግሞ «ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቃሚ ጨምር» የሚለውን ምረጡ። ስምና ፓስወርድ ሰጥታችሁ ቼንጅ አካውንት ታይፕ ውስጥ አድሚኒስትሬተር አድርጉት። ከዚያ ሳይን አውት ብላችሁ በአዲሱ ግቡ፤ ከዚያ ሆናችሁ የቆየውን አካውንታችሁን ወደ ስታንዳርድ ዩዘር አውርዱት። አዲስ ስታንዳርድ ከፍታችሁ ወደዚያ አትዛወሩ፤ የቆየውን ብታወርዱት ዴስክቶፑም፣ ብራውዘሩም፣ ፋይሉም ባለበት ይቆያል። ለውጡ የሚሠራው እንደገና ስትገቡ ነው፤ ማንጠልጠያው የሚዘጋጀው በመግቢያው ሰዓት ነውና።

ቅደም ተከተሉን አታገላብጡ። መጀመሪያ የአዲሱን አድሚን ፓስወርድ ሞክሩ። የቀረው አድሚን ጠፍቶ የተቀመጠው ድብቁ ብቻ ሆኖ የራሱን አካውንት ያወረደ ሰው ዘበኛው ሲመጣ ፓስወርድ መጻፊያ ቦታ እንኳ አያገኝም፤ «የስ» የሚለው ደብዝዞ አይጫንም፣ የሚሠራው «ኖ» ብቻ ነው።