ድንጋዩ ይሰበር፣ የጎረቤት ግድግዳ ይትረፍ

ከድንጋይ ካባ አጠገብ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ድንጋይ ለመስበር ፈንጂ ሲፈነዳ መጀመሪያ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ተከትሎ ይመጣል። ፈንጂው ከሚለቀው ጉልበት ድንጋይ የሚሰብረው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በንዝረትና በድምፅ መልክ ያመልጣል።

ንዝረቱ የሚለካው መሬቱ በሚወዛወዝበት ፍጥነት ነው። በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ሰው ይሰማዋል፣ ቤት ግን አይሰነጠቅም። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጥናት ዝግ ላለ ንዝረት የሰጠው ገደብ፣ በልስን ለተሠሩ የቆዩ ቤቶች 12.7፣ በጂፕሰም ቦርድ ለተሠሩት 19 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። በሰከንድ ከ40 ጊዜ (ከ40 ኸርዝ) በላይ ለሚመላለሰው ፈጣን ንዝረት ገደቡ ወደ 50 ይወጣል። ዝግ ያለው የሚከፋው ከቤቱ ከራሱ መወዛወዝ ጋር ስለሚገጥም ነው። እንዲያም ሆኖ ነዋሪው ሲያማርር "ከገደቡ በታች ነው" ብሎ መመለስ አይበቃም፤ መለኪያውን እሱ ቤት ተክሎ ውጤቱን ማሳየት ይገባል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወሳኙ የፈንጂው ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው መጠን ነው። እሱን ወደ ሩብ ማውረድ ቤቱን በእጥፍ የማራቅ ያህል ነው። ለዚህ ነው ፈንጂ የሚሞላባቸው ጉድጓዶች በሚሊ ሰከንድ ልዩነት ተራ በተራ የሚፈነዱት። በተለምዶ በ8 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የፈነዱት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የኤሌክትሮኒክ ዲቶኔተር (ፈንጂውን የሚያስነሳው መለኮሻ) መምጣት ይህን ልዩነት በትክክል ለመጠበቅ በጣም አግዟል። ፈንጂ መቀነስ ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም፣ ምክንያቱም ከጉድጓዱ ፊት ያለው ድንጋይ ከበዛና መንቀሳቀስ ካቃተው ታፍኖ የቀረው ጉልበት ወደ መሬት ገብቶ ንዝረቱን ያባብሰዋል።

ሌላው ጉዳት እዚያው ካባው ውስጥ ነው። የተሰነጣጠቀ የድንጋይ ግድግዳ ሠራተኛ ላይ ይናዳል፤ ይሄ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። እንዳይሆን በመጨረሻው የግድግዳ መስመር ላይ ተቀራራቢ ጉድጓዶች ይቆፈሩና ከጉድጓዱ የቀጠነ፣ ዙሪያውን አየር የተወለት ትንሽ ፈንጂ ይገባባቸዋል። ከዋናው ፍንዳታ ቀድመው ሲተኮሱ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ አንድ ስንጥቅ ይከፈታል፣ የዋናው ፍንዳታ ጋዝና ስንጥቅም እዚያ ላይ ይቆማል። ዘዴው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በናያጋራ የኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ ነው። ፍርስራሹ ተነስቶ የጉድጓዶቹ ግማሽ አሻራ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ተሰልፎ ከታየ፣ ከጀርባው ያለው ድንጋይ ብዙም አልተነካም ማለት ነው።