«ብርድ መቶት ነው»፦ ጉበቱ የታመመ ሰው ለምን ይበርደዋል?

በጉበት ክትትል ክፍል በነርስነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በየሳምንቱ ሳልሰማው የማላልፍ ነገር ቢኖር «ሲስተር፣ ብርድ መቶት ነው» የሚለው ነው። ሆዱ በውሃ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ በግንቦት ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርቧል። አስታማሚውን ምን ሆኖ ነው ስትሉት፣ ብርድ ነው ይላችኋል።

እኛ አገር ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም። ወገብ ሲያም ብርድ ነው፤ ሽንት ሲያቃጥል ብርድ ነው፤ ፊት ሲጣመምም ብርድ ነው። ለዚህ ሁሉ ብርድ ደግሞ አንድ የታወቀ መድኃኒት አለ።

«ብርድ ገብቶበት ነው፤ ትንሽ አረቄ ያስወጣለታል»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጉበቱ በጠባሳ የተሞላ ሰው፣ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ያለበት፣ ከውጭ የገባበት ብርድ የለም። ምድጃው ነው የደከመው። ጉበት ሰውነት ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓት ከሚያቃጥለው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ሙቀትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሌላው የሙቀት ምንጭ ጡንቻ ነው፤ ሲሮሲስ ደግሞ ጡንቻ ይጨርሳል። ሆዱን አይታችሁ ወፈረ አትበሉ፣ ያ ውሃ ነው። ክንዱን ያዙት፤ አጥንት ብቻ ነው የምታገኙት።

በዚህ ላይ ደም ማነስ አለ። በጉበቱ ጠባሳ ምክንያት በምግብ ቧንቧው ውስጥ ያበጡት ደም ሥሮች ሊደሙ ይችላሉ። ደም ያነሰው ሰው ደግሞ ይበርደዋል። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ሥራው የቀነሰባቸውም አሉ፤ እሱ በደም ምርመራ ይለያል።

አረቄው ታዲያ ምን ይሠራል? የቆዳን ደም ሥር ይከፍታል። ደሙ ወደ ቆዳ ሲወጣ ፊት ይግላል፣ ሰውየውም ሞቀኝ ይላል። ሙቀቱ ግን ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከበፊቱ ብሶ ይበርደዋል። ከዚያም አልፎ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይሠራ ያግዳል። ስኳር ሲወርድ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ቤተሰብም «ብርዱ ጠናበት» ብሎ ሁለተኛ መለኪያ ይቀዳል። ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ አልኮል ነው። ለታመመ ጉበት ይህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

በሰው ብቻ አልፈርድም። አጎቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ። ብርድ ልብስ ፋብሪካውም አረቄውም ስም ያላቸው ከተማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ፣ ጉበት የሚያጠቃው ቫይረስ፣ እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል፤ መጠጥ የሚባል አይቀምስም ነበር። ድንገት ይበርደው ጀመር። ጎረቤት መከረው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የሰው አጎት እመክራለሁ። ከወራት በኋላ ሲመጣ «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ባትኖር ቆፈን ገድሎኝ ነበር» አለኝ። ሄሞግሎቢኑ፣ የደሙ መጠን ማለት ነው፣ 7 ብቻ ነበር። ሰገራህ ምን ይመስላል ስለው «ከሰል ነው፣ ሁለት ወር ሆነው» አለኝ። ውስጥ ለውስጥ እየደማ ሁለት ወር ሙሉ አረቄ ሲጠጣ ኖሯል። ሰገራውን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ያበጡት ደም ሥሮቹ በላስቲክ ታሰሩለት። ደሙ ሲመለስ አንዱን ጋቢ ራሱ አወለቀው።

«ወባ ነው»

ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ዓመት የሞላውን ሰው ወባ ያዘው ማለት ይከብዳል። ከቆላ ተመልሶ ከሆነ ይመርመር እንጂ ክኒን ከጎረቤት አይበደር።

«ጋቢውን አትልበሱ፣ አብራችሁት አትብሉ»

ሄፓታይተስ ቢ በጋቢም በእንጀራም አይተላለፍም። ምላጩንና የጥርስ ብሩሹን ለብቻ አድርጉለት፤ እናንተ ደግሞ ተመርመሩና ተከተቡ።

«ከሰል አቀጣጥላችሁ በሩን ዝጉለት»

የከሰል ጭስ ጤነኛውንም ይገድላል። በሩን አትዝጉ። እግሩ ላይ ትኩስ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ስታደርጉም ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም።

«ያበረደው መድኃኒቱ ነው፣ ይተወው»

ይቺ እንኳ ግማሽ እውነት አላት። ፕሮፕራኖሎልና ካርቬዲሎል እጅና እግር ያቀዘቅዛሉ። ግን የሚሰጡት እነዚያ በምግብ ቧንቧው ያበጡት ደም ሥሮች እንዳይፈነዱ ነው። ካልተመቸው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በራሱ አያቁም። ለ«ብርድ ቁርጥማት» ብላችሁ የምትገዙትን የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክን፣ ግን ዛሬውኑ አስወግዱት፤ ኩላሊቱን ይዞት ይሄዳል፣ ያደማዋልም።

«ሥጋና እንቁላል ጉበት ይጎዳል፤ ይጹም፣ ያርፍ»

ጤነኛ ጉበት ሌሊቱን የሚያሻግር ስኳር ያስቀምጣል። ጠባሳ የያዘው ጉበት ማስቀመጫው ጠቧል። ለዚህ ሰው አንድ ሌሊት ሳይበሉ ማደር ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደተራበ ነው። ሰውነቱ ሳይነጋ የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በብርድ የሚነቁት ለምን ይመስላችኋል?

ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት ይብላ። በሶ ይሁን፣ አጥሚት ይሁን፣ ዳቦ በእንቁላል ይሁን። ስኳር በሽታ ካለበት ዓይነቱንና መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ስላለው በእሱ ብቻ አይሞላም። ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት፣ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ ጨምሩበት። ሆዱ ውሃ ከቋጠረ የሚቀነሰው ጨው ነው፣ ምግቡ አይደለም።

ጾሙን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ይዋል ያሉ አባት እስካሁን አልገጠሙኝም። እምቢ የሚለው ሁሌም በሽተኛው ራሱ ነው። ሙስሊም ታካሚዎቼም በረመዳን እንደዚያው ናቸው።

«ትኩሳት ስለሌለው ደህና ነው»

የዘወትር ብርድ ሌላ ነው፣ ድንገት የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ሌላ። ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ በባክቴሪያ ሲመረዝ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ወይም ዝም ብሎ ይደነዝዛል፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት ያፈጣል። አንዳንዱ ምንም አያሳይም። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ሙቀቱ ጭራሽ ሊወርድ ይችላል። ሐኪም ቤት በመርፌ ትንሽ ውሃ ቀድተው ያዩታል። ይህ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው ከጠቆረም እንዲሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ባሏን በሦስተኛው ቀን ይዛው መጣች፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ። ስሙን ስጠይቀው የልጁን ስም ነገረኝ። ቴርሞሜትሩ 35.4 አለ። «ትኩሳት ስለሌለው እኮ ነው የቆየነው» አለችኝ።