በሴዳር ጣውላ ላይ ምግብ ማብሰል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ጠረፍ፣ በተለይም በዋሽንግተንና በኦሪገን ግዛቶች እንዲሁም በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ የሳልመን ዓሣን በስስ የሴዳር ጣውላ ላይ አስተኝቶ በከሰል ወይም በጋዝ ምድጃ ማብሰል የታወቀ የበጋ ዘዴ ነው። ጣውላው ታሽጎ በየገበያ አዳራሹ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ዘዴው ከአካባቢው አልፎ ሩቅ ተዛምቷል፤ በሲያትልና መሰል ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችንም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ዘዴው በተስፋፋ ቁጥር ስለ እርሱ የሚነገረው ስሕተት አብሮት ተስፋፍቷል። አንዳንዱ ስሕተት ጣዕም ያበላሻል፤ አንዳንዱ ግን ቃጠሎ ወይም የጤና ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። የአብዛኞቹ ምንጭ ጣውላውን እንደ ማገዶ መቁጠር ነው። ጣውላው ከሁሉ በፊት በእሳቱና በምግቡ መካከል የሚቆም ጋሻ ነው፤ መዓዛና ጭስ መስጠቱ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ አገልግሎት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከዚህ በታች ካሉት ስሕተቶች ብዙዎቹን በራሱ ሊያርም ይችላል።

«ሴዳር የሚል ስም ያለው እንጨት ሁሉ ለዚህ ሥራ ይሆናል።»

አይሆንም፤ ቀድሞ መስተካከል ያለበትም ይኸው ነው። ለምግብ ማብሰያ የሚሸጠው ጣውላ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ምዕራባዊ ቀይ ሴዳር ከሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቱያ ፕሊካታ ከሚታወቀው ዛፍ ነው። ዛፉ ከደቡብ ምሥራቅ አላስካ እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ በተዘረጋው እርጥብ ጠረፍ፣ ወደ ውስጥም ገባ ብሎ በአይዳሆና በሞንታና ተራሮች ይበቅላል፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋዊ የግዛቷ ዛፍ አድርጋ ሰይማዋለች። በስም ሴዳር ይባል እንጂ በሊባኖስ፣ በሞሮኮና በአልጄሪያ የአትላስ ተራሮች እንዲሁም በሂማላያ ከሚበቅሉት እውነተኛ ሴዳሮች ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። እነዚያ ከፓይን ቤተሰብ ሲሆኑ ይህ ከሳይፕረስ ቤተሰብ ነው።

ልዩነቱ የዕፀዋት ተመራማሪዎችን ብቻ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። መርፌና ቅርፊት መሰል ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ከምግብ ሥር ማንደድ እንደማይገባ ምግብ በጭስ የሚያጥኑ ሰዎች ሁሉ ይናገራሉ፤ የእነዚህ ዛፎች ሙጫ ሲቃጠል ጥቀርሻ የበዛበትና መራራ ጭስ ስለሚሰጥ ምክራቸው ትክክል ነው። ምዕራባዊው ቀይ ሴዳር ከዚህ ደንብ የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ በተለመደው ሁኔታ የሙጫ ቦዮች ስለሌሉትና ሙጫው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚበቅለው ምሥራቃዊ ቀይ ሴዳር ግን በስሙ ቢያሳስትም የጥድ ዓይነት ነው፤ ከእኛው የሐበሻ ጥድ ጋር ጁኒፐረስ በሚባለው ወገን ይመደባል። ልብስን ከብል ለመጠበቅ ለቁም ሣጥን የሚመረጥበት ምክንያት የሆነው ብርቱ ዘይቱ ለምግብ አይስማማም።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የሊባኖስ ሴዳር «ዝግባ» ተብሎ ስለተተረጎመ፣ የአገራችንን ዝግባ አስፈልጦ ለዚሁ ሥራ ማዋል የሚቻል ይመስላል። የእኛ ዝግባ ግን ፖዶካርፐስ ከሚባለው ፈጽሞ የተለየ ቤተሰብ ነው፤ ለምግብ ማብሰያ የተፈተነ እንጨትም አይደለም። ጥበቃ የሚሻውን ይህን ዛፍ ለአንድ ራት ብሎ መቁረጥም ተገቢ አይመስለኝም።

«ከእንጨት መሸጫ ወይም ከአጥር የተረፈ ቁራጭም ያው ነው፤ ለምን ውድ ጣውላ እገዛለሁ?»

የቁጠባው ሐሳብ የሚነቀፍ አይደለም፤ ስንጥቅና ቀለም የሌለው፣ ምንም ያልተቀባና ያልተነከረ መሆኑ በእርግጥ የሚታወቅ የምዕራባዊ ቀይ ሴዳር ጣውላ ከእንጨት መሸጫ ቢገዛ ታሽጎ ከሚሸጠው የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው። ችግሩ ይህን በእርግጥ ማወቁ ላይ ነው። ለግንባታ የሚውል እንጨት ምስጥንና ብስባሴን እንዲቋቋም በኬሚካል ሊነከር፣ ቫርኒሽ ሊቀባ፣ ለጣሪያ ክዳን የሚሆነውም እሳት እንዳያነሣው በሌላ ኬሚካል ሊታከም ይችላል። በአሜሪካ መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት መከላከያ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ድረስ ለመኖሪያ ቤት እንጨት በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ ከዚያ በፊት የተተከለ አጥርና የተሠራ በረንዳ ዛሬም በየጓሮው አለ። እንዲህ ያለ እንጨት ሲቃጠል አርሴኒኩ ከጭሱና ከአመዱ ጋር ይወጣል። ኮምፔንሳቶና ቺፑድም በሙጫ የተጣበቁ ስለሆኑ ከምግብ አጠገብ ሊደርሱ አይገባም። የእንጨቱን ታሪክ የሚያውቅ ከሌለ እንጨቱን መተው ነው።

«ሴዳር በተፈጥሮው መርዛማ ስለሆነ ለምግብ አይሆንም።»

ይህ ስጋት ከባዶ አልተነሣም። የምዕራባዊ ቀይ ሴዳር ብናኝ ፕሊካቲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ለዓመታት ሲተነፍሱት በኖሩ ሠራተኞች ላይ አስም እንደሚያስከትል በሕክምና የታወቀ ነው። ስለሆነም ጣውላውን ቤት ውስጥ የሚቆርጥና የሚያለሰልስ ሰው አፍንጫውንና አፉን ቢሸፍን መልካም ነው። ይህ አደጋ ግን ብናኝ ወደ ሳንባ የመግባት ጉዳይ ነው፤ ባልተቃጠለ ጣውላ ላይ ሃያ ደቂቃ የተኛ ዓሣ ከመብላት ጋር አንድ አይደለም። ከዚህ በተቃራኒ ጣውላ የሚያስገኘው ጥቅምም አለ፤ ስብ በቀጥታ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ከሚነሣው ጭስ ጋር በካንሰር አምጪነት የሚጠረጠሩ ውሕዶች ወደ ምግቡ ይመለሳሉ፣ ጣውላው ግን ስቡን ስለሚይዝ ይህን ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ የማንኛውም እንጨት ጭስ እነዚህን ውሕዶች ይይዛልና።

«የአካባቢው ቀደምት ሕዝቦች ሳልመንን የሚያበስሉት ልክ እንዲህ ነበር።»

ብዙ ማሸጊያዎች ይህን ይናገራሉ፤ በከፊል እውነት ስለሆነም ለማረም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኮስት ሳሊሽ የሚባሉት ሕዝቦችና ጎረቤቶቻቸው ከሴዳር ጋር ያላቸው ትስስር እጅግ ጥልቅ ነው፤ ቤታቸውንና ታንኳቸውን ከግንዱ ሠርተዋል፣ ከልጡም ልብስ፣ ምንጣፍና ገመድ ሠርተዋል። ከአንድ ጣውላ በእንፋሎት አጥፈው አራት ማዕዘን የሚያወጡለት ሣጥን ነበራቸው፤ ውሃ ሞልተው በእሳት የጋለ ድንጋይ እየጨመሩ ምግብ ይቀቅሉበታል። ሳልመንን ሲጠብሱ ደግሞ ዓሣውን ሰንጥቀው ይዘረጉታል፣ በቀጫጭን የሴዳር እንጨቶች አግድም ወጥረው በተሰነጠቀ ረጅም እንጨት መካከል ያጣብቁታል፣ ከዚያም እንጨቱን ወደ እሳቱ ዘንበል አድርገው መሬት ላይ ይተክሉታል። እሳቱ የሚነደው በአብዛኛው አልደር ከሚባለው ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ነው። ሴዳሩ ዓሣውን ደግፎ ይይዛል፣ አልደሩ ደግሞ ሙቀቱንና ጭሱን ይሰጣል፤ ዓሣው የሚበስለውም ከእሳቱ ጎን ቆሞ ነው። ይህ አሠራር ዛሬም በሕዝቦቹ በዓላትና ድግሶች ላይ ይታያል።

ዓሣን ጣውላ ላይ ቸንክሮ በእሳት ፊት ማቆም በሌሎችም ዘንድ ይታወቃል። በአሜሪካ ምሥራቅ፣ በኮኔቲከትና በዴላዌር ወንዞች አካባቢ ሻድ የተባለውን ዓሣ በኦክ ጣውላ ላይ ያበስላሉ፤ ፊንላንዳውያንም ሎይሙሎሂ የሚሉት የሳልመን አሠራር አላቸው። እርጥብ ጣውላን ከፍርግርግ ላይ አጋድሞ ክዳን መዝጋት ግን ክዳን ያለው የጓሮ ምድጃ የወለደው የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው፤ ዝነኛውን ክብ የከሰል ምድጃ ጆርጅ ስቲቨን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። አዲሱን ዘዴ ከእነዚያ ሕዝቦች ዕውቀት የተነሣ መሆኑን እየመሰከሩ በአዲስነቱ መጥራት ለሁለቱም ፍትሐዊ ነው፤ የእነርሱን አሠራር በታሸገ ጣውላ ማስታወቂያ መተካት ግን እውነተኛውን ጥበብ ያስረሳል።

«ጣውላው ሌሊቱን ሙሉ መዘፍዘፍ አለበት፤ ዓሣውን የሚያለሰልሰው ከጣውላው የሚወጣው ውሃ ነው።»

እንጨት ውሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነው፤ በተቆረጡት ጫፎቹ በኩል ፈጠን ይላል፣ በሰፊው ገጹ በኩል ግን በሰዓታት ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ላለው ጣውላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በቂ ነው፤ ሴዳር ቀላል እንጨት ስለሆነ ስለሚንሳፈፍ ከባድ ዕቃ ይጫንበት። የመዘፍዘፉ ዓላማ የቃጠሎውን ሰዓት ማዘግየት ነው፤ የላይኛው ክፍል ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም ስለማያልፍ ጫፎቹ ቶሎ አይከስሉም።

ዓሣው ለስልሶና ረጥቦ የሚወጣው በሌላ ምክንያት ነው። እንጨት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ ከሥር የሚመጣው ብርቱ ሙቀት ዓሣው ሥጋ ጋ ሲደርስ ተዳክሞ ነው። ዓሣው በብዛት የሚበስለው በክዳኑ ሥር በሚዘዋወረው ሞቃት አየር ነው፤ ይህም ዝግ ያለና እኩል ሙቀት ስለሆነ ለስላሳውን ሥጋ አያደርቅም። ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈቱ ማየት የዘዴውን ዋና ጥቅም የሚያሳጣውም ለዚህ ነው።

ጣውላውን በወይን ጠጅ ወይም በፖም ጭማቂ መዘፍዘፍም ይመከራል። የሚጠጣው መጠን ጥቂት፣ ወደ ዓሣው የሚያልፈው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፣ ወይኑን ለዓሣው መቀቢያ ማዋሉ ይሻላል።

«በጣውላ የበሰለ ዓሣ በጭስ የታጠነ ዓሣ ነው።»

ማጠን ሰዓታት ይወስዳል፤ በጣውላ ላይ ያለ የሳልመን ቁራጭ ግን እንደ ውፍረቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ይበስላል። በዚህ አጭር ጊዜ ዓሣው የሚያገኘው የሞቀው እንጨት የሚለቀውን መዓዛና ጫፎቹ ሲከስሉ የሚነሣውን ቀለል ያለ ጭስ ነው። ጠንከር ያለ ጭስ የሚፈልግ ሰው ጣውላውን ባዶውን ፍርግርጉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጦ መጨስ ሲጀምር ዓሣውን ቢያኖርበት ይረዳዋል። ጣውላውን የቤት ኦቭን ውስጥ የሚጠቀምም ሰው መዓዛውን ያገኛል፤ ጭሱን ግን አይጠብቅ።

«እሳቱ በበረታ መጠን ጣዕሙ ይጨምራል፤ ጣውላው ቢነድም የዘዴው አካል ነው።»

ይህ አደገኛ ነው። ከ175 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ መካከለኛ ሙቀት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሄድ እንጨቱ በፍጥነት ይከስላል፤ ነበልባል ከተነሣም በዓሣው ስብ እየተመገበ ይሰፋል፣ ምግቡንም በጥቀርሻ ያመርረዋል። ቅርብ ሆኖ መጠበቅ፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ማዘጋጀት፣ ጣውላው ቢነድ ቀጥታ ሙቀት ወደሌለበት ጎን መግፋት የማይቀሩ ጥንቃቄዎች ናቸው። ከሰል ቤት ውስጥ አይነደድም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላልና። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በአፓርታማ በረንዳ ላይ ምድጃ ማንደድ በእሳት አደጋ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ፣ በፎቅ ቤት የሚኖሩ ወገኖች አስቀድመው የሕንፃቸውን ደንብ ይጠይቁ።

«ዓሣው መገልበጥ አለበት።»

የለበትም። ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲበስል ቆዳው ከጣውላው ጋር ስለሚጣበቅ ጠፍጣፋ መገልበጫን በቆዳውና በሥጋው መካከል አሳልፎ ሥጋውን ብቻ ማንሣት ይቻላል። መብሰሉን በቀለም ከመገመት ቴርሞሜትር መጠቀም ይሻላል፤ የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ለዓሣ የሚያዝዙት የውስጥ ሙቀት 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በባሕር ያደገው ሶካይ ሳልመን ስቡ ከእርባታው ሳልመን ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ቀደም ብሎ መመልከት ይፈልጋል።

«ጣውላ ለሳልመን ብቻ ነው» ወይም «ለሥጋ ሁሉ ይሆናል።»

ሁለቱም ይሳሳታሉ። እንጉዳይ፣ ቃሪያ፣ ኮክ፣ ለስላሳ አይብና አጥንት የወጣለት የዶሮ ሥጋ በጣውላ ላይ ያምራሉ፤ ዶሮው ግን 74 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል። በርበሬ የተለወሰ ምግብም ከፍም በቀጥታ ስለሚከለል የማረሩ ዕድል ይቀንሳል፤ ለእኛ ጣዕም ጥሩ ዕድል ነው እላለሁ። ውጭው ጠቆር ብሎ እንዲጠበስ የሚፈለግ ጥብስ ግን ጋለ ያለ ብረት ይፈልጋል፤ ጣውላው ሙቀቱን ስለሚከላከል የሥጋው ታች ገርጥቶ ይቀራል።

«ጣውላው አንዴ ብቻ ያገለግላል» ወይም «እስኪያልቅ ድረስ ይሠራበታል።»

የታችኛው ገጹ ብቻ የከሰለ፣ ያልተሰነጠቀና ያልሳሳ ጣውላ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። እንጨቱ ሳሙና ስለሚጠጣ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ብቻ ታጥቦ በደንብ ይደርቅ፤ የዓሣ ስብ የዘለቀው ጣውላ ሽታው ሲበላሽ ወይም ሲሳሳ ግን ይጣል። ከምድጃ የወረደ ጣውላ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም በጫፎቹ ውስጥ ፍም ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ ከመሄዱ በፊት ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ፈጽሞ መብረዱ ይረጋገጥ።