ኢዮቤልዩ 2000 ምንድን ነው?

ኢዮቤልዩ 2000 አብያተ ክርስቲያናት ከእርዳታ ድርጅቶችና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሆነው የድሃ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ ያካሄዱት ዓለም አቀፍ ዘመቻ ነው። የተጀመረው በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡን ያመነጩት ማርቲን ዴንት የተባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ቢል ፒተርስ የተባሉ ጡረተኛ ዲፕሎማት ነበሩ።

ስሙ የመጣው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ነው። በሕጉ መሠረት በየ50 ዓመቱ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ድህነት ለባርነት የዳረገውም ሰው ነጻ ይወጣል። ይህ ምጽዋት አይደለም። ድሃው ደጅ አይጠናም፤ ዓመቱ ሲደርስ መብቱ ነው። ለእኔ የዘመቻው ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለተራበ ማብላቷን ሁሉም ያውቃል። እዚህ ግን ሰውየው ለምን ተራበ ብላ ጠየቀች።

ዕዳውስ ከየት መጣ? በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ትልልቆቹ ባንኮች በገንዘብ ተጥለቀለቁ። ለድሃ አገሮችም በርካሽ አበደሩ። በ1980 አካባቢ ግን አሜሪካ የወለድ መጠኗን በጣም ከፍ አደረገች። ተበዳሪዎቹ የሚሸጡት ጥሬ ዕቃ ዋጋው ወረደ። ያኔ ወለዱን ለመክፈል እንደገና መበደር መጣ።

ደግሞስ የተበደረው ማን ነው? የዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራሲያዊት ኮንጎ) ፕሬዚዳንት የነበሩት ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ በአገራቸው ስም ተበድረው ሀብት ሲመዘብሩ ነገሩ የአደባባይ ምስጢር ነበር። ከፋዩ ግን ከብድሩ ምንም ያላየ ሕዝብ ነው። ለወለድ የሚሄደው ገንዘብ ከክትባትና ከመምህራን ደመወዝ ላይ የሚነሳ ነው። ዘመቻው ዕዳን የሰብዓዊ መብት ጥያቄ ያደረገው ለዚህ ነው። ትክክልም ነበር።

ግንቦት 1998 የቡድን 8 (የኃያላን አገሮች ስብስብ) መሪዎች እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም ሲሰበሰቡ ወደ 70,000 ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከተማዋን ከበቡ። ብዙዎቹ ከሰበካቸው ተነስተው በአውቶቡስ የመጡ ተራ ምእመናን ነበሩ። መሪዎቹ በዚያ ቀን ከከተማ ውጪ ነበሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ግን ተመልሰው የዘመቻውን ተወካዮች አነጋገሩ። በዓመቱ ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ላይ መሪዎቹ ቀድሞ የተጀመረውን የዕዳ ቅነሳ ለማስፋት ተስማሙ። ዘመቻው ለስረዛው ያሰባሰበው ፊርማም በመጨረሻ 24 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ።

ውጤቱ በተግባር ታይቷል። ኡጋንዳ ከዕዳ የተረፈውን ገንዘብ በልዩ ፈንድ ይዛ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ለንጹሕ ውኃና ለገጠር መንገድ አዋለችው። ኢትዮጵያም በ2004 የስረዛው ተጠቃሚ ሆናለች። ግን ስረዛው በነጻ አልመጣም። አገሮቹ አስቀድመው የዓለም የገንዘብ ድርጅትን መርሐ ግብር መፈጸም ነበረባቸው፤ ይህም ዓመታት ፈጀ። አበዳደሩ ራሱም አልተለወጠም። ዕዳዋ በ2005 የተሰረዘላት ዛምቢያ በ2020 እንደገና መክፈል አቃታት። በዚህ ጊዜ ከአበዳሪዎቿ መካከል ቦንድ የገዙ የግል ባለሀብቶች ነበሩበት።

ስለዚህ የዛሬው ሙግት ያተኮረው ሕግ ላይ ነው። ድሃ አገሮች በውጭ ገበያ የሚሸጧቸው አብዛኞቹ ቦንዶች የሚዳኙት በእንግሊዝ ወይም በኒውዮርክ ሕግ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2010 የግል አበዳሪዎች ስረዛ ከተፈቀደላቸው አገሮች የድሮውን ዕዳ ሙሉ በሙሉ በፍርድ ቤት እንዳያስከፍሉ ከልክሏል። አብያተ ክርስቲያናቱና አጋሮቻቸው አሁን የሚጠይቁት ይኸው ጥበቃ ለአዲሶቹ ዕዳዎችም እንዲደርስ ነው።