ዛር ምንድን ነው? «ያው ጋኔን ነው» ለሚሉ

«ዛር ማለት ያው ጋኔን ነው። ስሙ ብቻ ነው የሚለየው።» ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ብዙ ተመልካች ያለው አንድ ተናጋሪ በሙሉ ልብ ሲናገረው ሰማሁና «በጥናትም የተረጋገጠ ነው» ሲል ትዕግሥቴ አለቀ። ሰዎች ስለ መናፍስት ምን እንደሚያምኑና ምን እንደሚያደርጉ መመርመር ሙያዬ ነው። ጥናቱ የሚለው ተቃራኒውን ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለይ። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ከርኩሳን መናፍስት ወገን ትቆጥረዋለች። ይህ የሃይማኖት ፍርድ ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። «ቤተ ክርስቲያን ዛር ጋኔን ነው ብላ ታስተምራለች» ቢል ኖሮ ዝም እል ነበር። እሱ ግን ያለው ሌላ ነው፦ «ባለ ዛሮቹ የሚገብሩት ለሰይጣን መሆኑን እያወቁ ነው።» ይህ ስም ማጥፋት ነው። አንድን እምነት መፍረድና እምነቱን መግለጽ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሳይገልጹ መፍረድ ደግሞ አይቻልም።

ባለ ዛሮቹ ስለ ዛር አመጣጥ የሚያወሩት ምንድን ነው? በጎንደርም በሌላም ቦታ የተመዘገበው ታሪክ እንዲህ ይላል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ መጣ። እሷ ግን ፈራችና መልከ መልካሞቹን 15ቱን ደበቀች። ከእግዚአብሔር የሚሰወር ነገር የለምና «የደበቅሻቸው እንደተደበቁ ይቅሩ» አላት። እነዚያ የተደበቁት ዛሮች ሆኑ። እኛ የታዩት የቀሪዎቹ ዘር ነን።

ታሪኩን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ሳጥናኤል የለበትም። ከሰማይ የወደቀ መልአክ የለበትም። ዛር በዚህ ታሪክ የእናታችን ልጅ ነው፤ የማይታይ ወንድም፣ የማትታይ እህት። ከእኛ ይልቅ ቆንጆ፣ ከእኛ ይልቅ ኃይለኛ፣ ትንሽም ቂመኛ። ጋኔን የእግዚአብሔር ጠላት ነው፤ ዛር ደግሞ የተቀየመ ዘመድ።

ዘመድ ስለሆነም አገር አለው። የክርስቲያን ዛር አለ፣ የእስላም ዛር አለ። ወንድ አለ፣ ሴት አለ። ሰይፉ ጨንገርን የመሰለ ታላቅ ጌታ አለ፤ ራሂሎን የመሰለች እመቤት አለች፤ ከሥራቸው የሚላላኩ አሽከር ዛሮች አሉ። የድሮ ቤተ መንግሥት በሙሉ ከነማዕረጉ እዚያ ታገኙታላችሁ። ወደ ሱዳን ስትሻገሩ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። እዚያ ከዛሮቹ ነገዶች አንዱ «ሐበሽ» ነው፤ የኢትዮጵያ መናፍስት ማለት ነው። የቅኝ ግዛት ዘመን ፓሻ የሚባሉ ሹማምንትና ነጮችም ዛር ሆነው ይመጣሉ። በወንጌል ስለተጠቀሰው ጋኔን፣ ስለ ለጌዎን ግን አገሩ የት ነው፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት ልምጣ።

ጋኔን በር ሰብሮ የገባ ሌባ ነው እንበል። ሌባ ጋር አይደራደሩም፤ ያስወጡታል። ዛር ግን ተከራይ ነው። ያውም እናትህ ያስገባችው፣ አንተ ከቤቱ ጋር የወረስከው ተከራይ። ዛር ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል ሲባል የምንሰማው ይህን ነው። ተከራዩ አንዳንዴ ያኮርፋል፤ ያኔ ቤቱ ይታመማል። ባለቤቱ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌው ባለ ውቃቢ የምንለው ሰው ነው፤ እሱም ራሱ ተከራይ ያለበት ነው፣ ግን ከተከራዩ ጋር ተስማምቶ መኖር ያወቀ። ሽማግሌው «ውጣ» አይልም። «ስምህ ማነው? ምን ጎደለብህ?» ይላል። ከዚያ ውል ይገባሉ። እዚህ ላይ ምሳሌዬ መንሻፈፍ ይጀምራል፤ ምክንያቱም በዚህ ቤት ኪራይ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ለተከራዩ ልብስ ይገዛለታል፣ ሽቶ ያርከፈክፍለታል፣ ዶሮ ያርድለታል። ተከራዩም በተራው ቤቱን ይጠብቃል። ባለቤቱ የታመመው ሰው ነው፤ ምሳሌዬን እስከዚህ እገፋዋለሁ። ከዚህ በላይ ከገፋሁት ይሰበርብኛል።

ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ብታዩ ነገሩ ግልጽ ነው። ጸበል ቦታ አጥማቂው በመስቀሉ እየነካ «ስምህ ማነው? መቼ ገባህ? በምን ገባህ?» ይላል። የተያዘው ሰው «ተቃጠልኩ! ልውጣ!» ብሎ ይጮኻል። ስም መጠየቁ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይም አለ። የሚጠየቀው ግን ለማስወጣት ነው። በዛር ቤትም ስም ይጠየቃል። ከበሮና ጭብጨባ አለ፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል። ሰውየው ወይም ሴትየዋ አንገታቸውንና ወገባቸውን እየወዘወዙ ያጎራሉ። ከዚያ ዛሩ ይፎክራል። በፉከራው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ጀብዱ እንደሠራ ይናገራል። ስሙ ሲታወቅ የተሰበሰበው ሰው ደስ ይለዋል፣ ሰላምታ ይሰጠዋል። ዛሩ የያዘው ሰው «ፈረሱ» ይባላል። ፈረስና ጋላቢ ደግሞ ሊለማመዱ እንጂ ሊለያዩ አይደለም የሚሰበሰቡት።

ያ ተናጋሪ እዚህ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ሁለቱም ሰውን ይጥላሉ፣ ሁለቱም በሰው አንደበት ይናገራሉ፣ ሰውየውም በኋላ አያስታውስም። ምልክታቸው አንድ ከሆነ አንድ ናቸው።» አይደሉም። አንድ ወድቃ የምትንፈራገጥ ልጅ ጸበል ቦታ ከወሰዷት ጋኔን ይባልባታል። ባለ ውቃቢ ዘንድ ከወሰዷት ዛር ይባልላታል። ሆስፒታል ከወሰዷት ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊባል ይችላል። የወደቀችው ያቺው ልጅ ናት። የተለየው ማብራሪያው ነው፤ ከማብራሪያው ጋር ደግሞ ነገ የሚደረግላት ነገር ሁሉ ይለያል። ማብራሪያን ከምልክት መለየት ያቃተው ሰው ስለዚህ ጉዳይ ባያስተምር እመርጣለሁ።

ሌላ ማስረጃም ያመጣ ይሆናል። ደብተራዎቹ በሚጽፉት ክታብ ላይ ዛር ከአጋንንት ጋር ተጠርቷል። እውነት ነው። እነዚህን ክታቦች ገልጣችሁ እዩ። ጠባብ የብራና ጥቅል ናቸው፣ አንዳንዱ የባለቤቱን ቁመት ያህላል። አናቱ ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ወይም አፍጥጦ የሚያይ ዓይን ተሥሏል። መክፈቻው በቀይ ቀለም ነው፤ የባለቤቱ የክርስትና ስምም ገብቶበታል። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ የሚያሳይም አለ። ከዚያ ስም ይዘረዘራል፦ ባርያ ወለጌዎን፣ ደስክ ወጉዳሌ፣ ቡዳ ወቁመኛ፣ ዛር፣ ጽላ ወጊ። ደብተራው ሁሉንም መከላከል ስላለበት ሁሉንም ይጠራል። ግን ለየብቻ ነው የሚጠራቸው። አንድ ቢሆኑ ኖሮ ውድ በሆነ ብራና ላይ ይህን ሁሉ ስም ማን ይደረድር ነበር? እነሱ ልዩነቱን ያውቁ ነበር። የጠፋው በእኛ ዘመን ነው።

ቡዳም አብሮ ስለሚጨፈለቅ በአጭሩ ልንካው። ቡዳ የሚባለው መንፈስ አይደለም፤ በዓይኑ «ይበላል» ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ነው። ይህ ጥርጣሬ አንጥረኞችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ቤተ እስራኤላውያንን ለዘመናት አስገልሏል፣ አስደብድቧል። ዛር ያለበት ታማሚ ነው፣ ቡዳ የተባለ ተከሳሽ ነው። እነዚህን ማምታታት ተራ ስህተት አይደለም። ጅንም ሌላ ነው። በእስልምና ከእሳት የተፈጠረ ነው፤ አማኝም ከሃዲም አለው።

ከሌላው ወገን የሚመጣ ስህተትም አለ። «ዛር ማለት ድሮ ያልታወቀ ዲፕሬሽን ነው» የሚሉ ተማሩ የተባሉ ሰዎች አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ዛርን በስሙ ጠቅሶታል። የጠቀሰው ግን ከባህል ጋር የተያያዙ ሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ በያሉበት አካባቢ እንደ በሽታ እንደማይቆጠርም ገልጿል። እ.ኤ.አ. ከ1984ና ከ1991ዱ ጉዞዎች በኋላ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ዛር ይዘው ክሊኒክ ሲመጡ ሐኪሞቹ የተከራከሩት በዚሁ ላይ ነው፦ ይህ በሽታ ነው ወይስ ባህል? አንዳንዱ ሕመምተኛ መድኃኒት ያስፈልገው ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ያስፈለገው ዛሩን የሚያናግርለት ሰው ነበር።

ይህን ስል ዛርን እያስዋብኩ አይደለም። ለዛር ቀሚስና ለዶሮ ሲባል ዕዳ ውስጥ የገባ ቤተሰብ አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በዛር ስም ዓመታት ሳይታከም ይቀራል። በጋኔን ስም ታስሮ የሚደበደብም አለ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ቢወሰዱ እንደማይጋጩ በይፋ ሲናገሩ ብዙ ሰው አድነዋል ብዬ አምናለሁ። ያንኑ ለሚጥል በሽታና ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚደግምልን እፈልጋለሁ።

ከሙያዬ የሚመጣ ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ ማንም ባይጠይቀኝም እናገራለሁ። ስለ ኢትዮጵያ ዛር ከተጻፈው ብዙው የጎንደር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ መልካም አያሁ ከሚባሉ ስመ ጥር ባለ ዛር ዘንድ ለወራት ተመላልሶ መዝግቧል። አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሥራው ትልቅ ነው። ግን አንድ ከተማ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዘመን ነው፤ ያውም በአስተርጓሚ ጆሮ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የመጣው አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም የጻፈው በዋናነት ስለ ጎንደር አካባቢ ነው። እሱ ያየው ሌላ ነገር ነበር፦ ሰሚ ያጣች ሴት በዛሯ አንደበት ስትናገር ባሏ ይሰማታል። ቁም ነገር ነው፤ ግን ዛር የሴቶች ብቻ ነው ወደሚል ድምዳሜ የሚያደርስ አይደለም፣ ወንድ ባለ ዛርም ሞልቷል። ስለዚህ እኔም ከላይ «ባለ ዛሮች ይላሉ» ያልኩትን ሁሉ የጎንደር ሽታ እንዳለው ቁጠሩት። የሐረር ሌላ ነው፣ የሸዋ ሌላ ነው።

የወሎን ነገር በተለይ አደራ። እዚያ ወዳጃ የሚባል ስብሰባ አለ። ጫት ይቃማል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። ያ ተናጋሪ ይህን በቪዲዮ አሳይቶ «የዛር አምልኮ» ብሎ ጽፎበታል። በወሎ ወዳጃ ሙስሊሞች ለዝናብ፣ ለታመመ ሰው፣ ለአገር ሰላም ዱዓ የሚያደርጉበት ነው። ቪዲዮው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። የሚፎክር የለም፣ የሚያጎራ የለም፣ ስሙን የሚጠየቅ መንፈስም የለም።