ኪውአር ኮድ ጊዜው ያልፍበታልን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሰው በነጻ ያገኘውን ኪውአር ኮድ በራሪ ወረቀት ላይ አሳትሞ ካከፋፈለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኮዱን ስካን ቢያደርግ፣ የራሱ ድረ ገጽ መከፈቱ ቀርቶ «የዚህ ኮድ የአገልግሎት ጊዜ አብቅቷል፤ ለማስቀጠል ክፍያ ይፈጽሙ» የሚል የሌላ ድርጅት ገጽ ይመጣበታል። ወረቀቱ ከእጁ ወጥቷል፤ አንድ በአንድ መልሶ መሰብሰብም አይቻልም። ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ኪሳራ ሲሆን፣ ምንጩ ግን የኮዱ ድክመት ሳይሆን ኮዱ እንዴት እንደሚሠራ በተሳሳተ መንገድ መረዳት ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ መመርመር ይገባል።

«ኪውአር ኮድ የማብቂያ ቀን አለው»

የለውም። ኪውአር ኮድ ጽሑፍ ነው፤ ከሌላ ጽሑፍ የሚለየው በፊደል ፈንታ በጥቁርና በነጭ ካሬዎች በመጻፉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን በዴንሶ ኩባንያ ሥር በማሳሂሮ ሃራ የተመራው ቡድን ይህን ኮድ የፈጠረው በፋብሪካ ውስጥ የመኪና መለዋወጫዎችን በፍጥነት ለመከታተል ነበር፤ የማንበቢያ መሣሪያውም መረጃውን የሚያገኘው ከምስሉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አይኤስኦ 18004 በሚል መለያ የጸደቀው ዓለም አቀፍ ደረጃ የካሬዎቹን አደራደር፣ የመረጃውን አጻጻፍ እና የስህተት ማረሚያውን በዝርዝር ይደነግጋል፤ የማብቂያ ቀን የሚመዘገብበት ቦታ ግን በውስጡ የለም።

ይህን ማንም ሰው በራሱ ስልክ ሊያረጋግጥ ይችላል። የስልኩን ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ዘግቶ አንድን ኮድ ስካን ቢያደርግ፣ በኮዱ ውስጥ የተጻፈው አድራሻ ወይም ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ገጹ አይከፈትም እንጂ ኮዱ ተነብቧል። ንባቡ የሚካሄደው በስልኩ ውስጥ ስለሆነ፣ «ይህ ኮድ አይነበብ» ብሎ ከሩቅ ሊከለክል የሚችል አካል የለም። በዚሁ ምክንያት አንድ ኮድ ስካን የሚደረግበት ብዛት የተወሰነ ነው የሚለው ወሬም መሠረት የለውም፤ ወረቀት ስንት ሰው እንዳነበበው አይቆጥርም።

«ታዲያ የእኔ ኮድ ካልሞተ ለምን አይሠራም?»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሥር ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነውና።

በአሠራር ረገድ ሁለት ዓይነት ኮዶች አሉ። የመጀመሪያው የማይለወጠው (ስታቲክ) ኮድ ሲሆን፣ እርስዎ የጻፉት አድራሻ እንዳለ በካሬዎቹ ውስጥ ይሰፍራል። ሁለተኛው ተለዋዋጩ (ዳይናሚክ) ኮድ ነው። በዚህኛው ውስጥ የሚሰፍረው የእርስዎ አድራሻ ሳይሆን ኮዱን ያዘጋጀው ድርጅት የራሱ አጭር አድራሻ ነው። ስካን ያደረገው ሰው ስልክ መጀመሪያ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር (በኢንተርኔት ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር) ይሄዳል፤ ሰርቨሩም መዝገቡን አይቶ ወደ እርስዎ ገጽ ያስተላልፈዋል። በነጻ የተሰጠው የሙከራ ጊዜ ሲያበቃ ድርጅቱ ማስተላለፉን ያቆምና እንግዳዎን ወደ ክፍያ ገጹ ይመራዋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ምስል አሁንም ፍጹም ጤናማ ነው፤ የሚያደርሰው ግን ቀድሞውንም የእርስዎ ወዳልነበረ ደጃፍ ነው።

ተለዋዋጭ ኮድ በራሱ መጥፎ አይደለም። ከታተመ በኋላ መድረሻውን ለመቀየርና ስንት ሰው ስካን እንዳደረገው ለማወቅ ያስችላል፤ ይህን አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ለእሱ ቢከፍል ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ግን አድራሻውን ወደ ካሬ ቀይሮ ማግኘት ብቻ የሚፈልገው ሰው፣ በገጹ ፊት ለፊት «ነጻ» የሚለውን ቃል በትልቁ አንብቦ፣ የሙከራ ጊዜ መሆኑን ግን ሳያይ ለኅትመት መሄዱ ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ኮዱን ከማሳተምዎ በፊት በስልክዎ ስካን ያድርጉና ገጹን ሳይከፍቱ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን አድራሻ ፊደል በፊደል ያንብቡ። የእርስዎ አድራሻ እንዳለ ከታየ ኮዱ የማይለወጥ ነው። የማያውቁት አጭር ስም ከታየ ግን በመካከል ሌላ ሰው ቆሟል። ኮዱን ለማውረድ መለያ ከፍተው ኢሜይልዎን እንዲያስገቡ መጠየቅዎም፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ምልክት ነው።

በመካከል የቆመው ድርጅት ታላቅና ታማኝ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጎግል ረጃጅም አድራሻዎችን ያሳጥርበት የነበረውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአዲስ ተጠቃሚ ዘጋ፤ ቀደም ሲል የተፈጠሩት አጫጭር አድራሻዎችም ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በኋላ መሥራት እንደሚያቆሙ በ2024 አስታወቀ። ቀኑ ሲቃረብ ውሳኔውን አለዝቦ በሥራ ላይ ያሉትን እንደሚያቆይ ቢገልጽም፣ በእነዚያ አድራሻዎች ላይ ተመሥርተው የታተሙ ኮዶች ዕጣ ፈንታ በሌላ ወገን ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ በግልጽ ታይቷል።

«ነጻ ከሆነ ሕጋዊ አይደለም ወይም ጥራት የለውም»

የቴክኖሎጂው ባለመብት ዴንሶ ዌቭ፣ ደረጃውን ጠብቀው በሚሠሩ ኮዶች ላይ የፈጠራ መብቱን እንደማይጠይቅ በይፋ ስላሳወቀ ማንም ሰው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ኮድ ሊያዘጋጅ ይችላል። የተመዘገበ የንግድ ምልክት የሆነው «ኪውአር ኮድ» የሚለው ስም ነው።

መሣሪያውም ምናልባት አሁን በኮምፒውተርዎ ውስጥ አለ። ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 6.4 እትሙ ጀምሮ በሰነድ ውስጥ ኪውአር ኮድ የሚያስገባ ትእዛዝ አለው። ኢንክስኬፕ የተባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራምም በቅጥያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይህንኑ ያቀርባል። የክሮም ብሮውዘር ደግሞ የተከፈተውን ገጽ አድራሻ በቀጥታ ወደ ኮድ ይለውጣል። በሊብሬኦፊስና በኢንክስኬፕ የሚሠራው ኮድ ያለ ኢንተርኔት ስለሚዘጋጅ፣ በመካከል የሚገባ ሰርቨርም የሚያበቃ የሙከራ ጊዜም አይኖረውም። የካሬዎቹ አደራደር የሚከተለው አንድ ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሆነ፣ በክፍያ የተገኘው ኮድ በነጻ ከተሠራው በንባብ አይበልጥም።

«የማይለወጥ ኮድ ከሠራሁ ለዘላለም ይሠራል»

የመጀመሪያውን ስህተት ያረሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ በተቃራኒው ነው። ኮዱ አድራሻውን ለዘላለም ይናገራል፤ በአድራሻው ላይ ማን እንደሚኖር ግን አያውቅም። ገጹ ከጠፋ፣ ስሙ ከተቀየረ ወይም የዶሜይኑ (የተመዘገበው የድረ ገጽ ስም) ዓመታዊ ክፍያ ከተቋረጠ ኮዱ ወደ ባዶ ቤት ይመራል። ከዚያ የከፋም አለ። የሄይንዝ ኩባንያ በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ላካሄደው ውድድር በኬቻፕ ጠርሙሶች ላይ ኪውአር ኮድ አትሞ ነበር። ውድድሩ ካለፈ በኋላ የዶሜይኑን ምዝገባ ሳያድስ ቀረ፤ አድራሻውንም ሌላ ሰው ወስዶ ለወሲብ ድረ ገጽ አዋለው። በ2015 አንድ ደንበኛ በቤቱ ያለውን ጠርሙስ ስካን ሲያደርግ የተከፈተለት ያ ገጽ ነበር፤ ኩባንያውም ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። ጠርሙስ ከውድድር የበለጠ ዕድሜ አለው።

ስለዚህ በእኔ እምነት ትክክለኛው ጥያቄ «የማያልቅ ኮድ የት ይገኛል?» የሚለው ሳይሆን «የምመራበት አድራሻ የማን ነው?» የሚለው ነው። የራስዎ ዶሜይን ካለዎት፣ በእሱ ሥር ለኅትመት ብቻ የሚውል አጭር አድራሻ ይፍጠሩና ያንን በማይለወጥ ኮድ ውስጥ ያስፍሩ። ነገ ገጹ ቦታ ሲቀይር፣ ያ አጭር አድራሻ ወደ አዲሱ ቦታ እንዲያስተላልፍ በራስዎ ሰርቨር ላይ ማዘዝ ይችላሉ። «ከታተመ በኋላ መድረሻውን መቀየር የሚቻለው ለኪውአር ድርጅት በመክፈል ብቻ ነው» የሚለው እምነትም በዚሁ ይፈርሳል። የቀረው ግዴታ ወረቀቱ በሰው እጅ እስካለ ድረስ የዶሜይኑን ክፍያ አለማቋረጥ ነው።

ድረ ገጽ የሌለው ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ያለ አድራሻ መሥራት ይችላል። ስልክ ቁጥር፣ የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል፣ ወይም አጭር መልእክት በቀጥታ በኮዱ ውስጥ ይሰፍራል፤ ለማንበብም ኢንተርኔት አያስፈልግም። የዋይፋዩ ኮድ የሚያረጀው የዋይፋዩን ስም ወይም የይለፍ ቃሉን ራስዎ ሲቀይሩ ብቻ ነው። ኮዱን ፎቶ ያነሣ ሁሉ የይለፍ ቃሉን ማንበብ እንደሚችል፣ በማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ያዘጋጀ ሰውም የይለፍ ቃሉን ለዚያ ድረ ገጽ አሳልፎ እንደሰጠ ግን መዘንጋት የለበትም። እንዲህ ያለው ኮድ በራስ ኮምፒውተር ላይ መሠራት አለበት።

«የፈለግሁትን ያህል ጽሑፍ ይይዛል»

ትልቁ ኮድ በየጎኑ 177 ካሬዎች ሲኖሩት፣ ቢበዛ 2953 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ይይዛል። በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ቁጥር ያነሰ ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚመዘግቡበት በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ያ ግዙፍ ኮድ የሚይዘው 984 ፊደላት ብቻ ነው። ያን ያህል የታጨቀ ኮድ ደግሞ በትንሽ ወረቀት ላይ ታትሞ በተራ ስልክ መነበቡ ያጠራጥራል። ከዚህ የባሰው በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ የሚገኘው አማርኛ ነው። አድራሻው ከብሮውዘር ተቀድቶ ሲለጠፍ እያንዳንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ወደ 9 የላቲን ምልክቶች ይለወጣል፤ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ለኅትመት የሚውለው አድራሻ አጭርና በላቲን ፊደል የተጻፈ ቢሆን ይመረጣል። ትንሹ ኮድ በየጎኑ 21 ካሬዎች ብቻ አሉት፤ አድራሻው ባጠረ ቁጥር ካሬዎቹ ይተልቃሉ፣ ንባቡም ይቀላል።

«30 በመቶው ቢበላሽም ስለሚነበብ መሃሉ ላይ አርማ ማስቀመጥ አይጎዳም»

እውነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የስህተት ማረሚያው አራት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ በግምት 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ የሚሆነውን የተበላሸ መረጃ መልሶ ያገኛል። የተጠቀሰው 30 በመቶ የሚሠራው በከፍተኛው ደረጃ ብቻ ነው፤ የሚለካውም በመረጃው ነው እንጂ በምስሉ ስፋት አይደለም። በሦስቱ ማዕዘናት ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ከተሸፈኑ ደግሞ ስልኩ ኮዱን ለይቶ ማግኘት ይቸግረዋል። ከሁሉም በላይ ይህ መጠባበቂያ የተቀመጠው ለጭረት፣ ለእጥፋትና ለቆሻሻ ነበር። በአርማ የሸፈነው ሰው መጠባበቂያውን ገና ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ጨርሶታል፤ ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ሲያረጅ የሚተርፈው ነገር አይኖርም። በዙሪያው መተው ያለበት የአራት ካሬ ስፋት ያለው ነጭ ኅዳግም ጌጥ አይደለም፤ ያለ እሱ ስልኩ ኮዱ የት እንደሚጀምር መለየት ይቸግረዋል።

«ያበቃውን ኮድ በአዲስ ኮድ ማስተካከል ይቻላል»

የታተመው ምስል አይስተካከልም። አዲስ ኮድ ቢሠሩ የካሬዎቹ አደራደር ሌላ ይሆናል፤ አሮጌው ወረቀት አሁንም ወደ አሮጌው አጭር አድራሻ ይመራል። ያንን አድራሻ ማንቀሳቀስ የሚችለው ያዘጋጀው ድርጅት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከተሰራጨና ጉዳዩ አጣዳፊ ከሆነ፣ ለአጭር ጊዜ ከፍሎ ኮዱን ማስነሣትና በዚያው ጊዜ ውስጥ ሰዎችን ወደ ራስ አድራሻ ማዛወር አንዱ መንገድ ነው። ወረቀቱ ገና በእጅ ያለ ከሆነ ግን፣ በራስ አድራሻ የተሠራ የማይለወጥ ኮድ በተለጣፊ ወረቀት አትሞ በአሮጌው ላይ መለጠፍ ይሻላል። ተለጣፊው አሮጌውን ኮድ ከነማዕዘናቱ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም የመጀመሪያው ቅጂ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ስልኮች ይሞከር፤ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው አድራሻም እንደገና ፊደል በፊደል ይነበብ።